ተረከዙ ላይ ያለው ስም

ኪኑኤ የመጨረሻዋ የመቁጠሪያ እንጨት ላይ የልጇን ስም ጽፋ ጨረሰችና ጣቶቿን አፍታታች። ነገ ልጇ ኢኩኮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ትምህርት ቤቱ የልጅ ዕቃ ሁሉ፣ እስከ እያንዳንዷ ከለር ድረስ፣ የጃፓን ልጆች ቀድመው በሚማሩት ፊደል፣ በሂራጋና፣ ስም ይጻፍበት ብሏል። የቀረው ክፍል ውስጥ የሚደረገው ነጭ ሸራ ጫማ ነው።

ጠዋት ጎረቤቷ እትዬ ሃማ በአጥር በኩል፣ "አምጪው፣ ሩዜ ሳይበስል እጨርስልሻለሁ" ብለዋት ነበር። እንቢ አለች። በልጅነቷ በሞግዚትነት የሌላ ሰው ልጅ ስታዝል ስላደገች የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። ፖስታ ቤት በሄደች ቁጥር ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቅልላ፣ "እጄን አሞኝ ነው፣ ይጻፉልኝ" ስትል ኖራለች። ከበረዶው ወራት ወዲህ ግን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ፊደል ትማራለች። ሌላው ቢቀር የልጇን ስም በገዛ እጇ ልትጽፍ።

ብዕሩን የጫማው ተረከዝ ላይ አሳረፈች። ሸራው ቀለሙን ጠጣው። "ኢ" ተንጋደደች፤ እንደ ወፍ አፍ መከፈት የነበረባት "ኩ" አበጠች፤ "ኮ" ጠርዙን አልፋ ወረደች። በሁለተኛው ጫማ ላይ ፊደሎቹ ይብሱን ተዛነፉ።

ኢኩኮ ከውጭ ገብታ ጫማውን አነሳችው።

"ውይ! ማነው እንዲህ ያጨማለቀው? እማዬ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል እኮ!"

"እትዬ ሃማ ናቸው" አለች ኪኑኤ። "ቸኩለው ነው።"

ተናግራ ሳትጨርስ ልጅቱ በጓሮ በር በርራ ወጣች። ወዲያው ድምጿ ከአጥሩ ማዶ ተሰማ፤ "እትዬ ሃማ፣ ጽሑፍዎ አስቀያሚ ነው!"

አሮጊቷ ሳቁ።

"ምን ላድርግ የኔ እናት፣ ዓይኔ የዓሣ አጥንት እንኳ አልለይ ብሏል። ስታድጊ አንቺ ትጽፊልኛለሽ።"

ኪኑኤ ፊቷ ነደደ። ከፋሻው ውሸት ይልቅ ይሄ ባሰባት። ጫማዋን በወጉ ሳታጠልቅ ወጣች።

"ኢኩኮ፣ እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"አንቺ? ትልቅ ሰው አይደለሽ እንዴ?"

"ነኝ። ግን ገና እየተማርኩ ነው።"

እትዬ ሃማ ያልሰሙ መስለው ጎመናቸውን መልቀም ቀጠሉ። ኢኩኮ ቀድማ ወደ ቤት ገባች። እራቷንም ፊቷን አዙራ በላች።

በማግስቱ የአዲስ ተማሪዎች መቀበያ ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ልጆቹ ጫማ መቀየሪያው ጋ ተጋፉ። ሁሉም የክፍል ጫማቸውን ስማቸው እንዲታይ ተረከዙን ወደ ውጭ አድርገው መደርደሪያው ላይ አኖሩ። የኢኩኮ ብቻ አፍንጫው ወደ ውጭ ነበር።

"ይሄ የማን ነው?" አለች አስተማሪዋ። "ስሙ የት ሄደ?"

ከኋላ አንዲት እናት ሳቅ አመለጣት። ከወላጆቹ መሃል የቆመችው ኪኑኤ እጇን የኪሞኖ ቀሚሷ ሰፊ እጅጌ ውስጥ ከተተች። ፋሻው እዚያ ነበር፤ ከልማድ ይዛው መጥታለች። ኢኩኮ ዞር ብላ እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ጫማውን።

"የኔ ነው" አለችና አንደኛውን አዞረችው። ያ የተንጋደደ ስም ለሁሉም ታየ።

"ሌላውስ?"

"ነገ" አለች ኢኩኮ፣ ወደ መሬት እያየች።

ኪኑኤ እጅጌዋ ውስጥ ፋሻውን ጨበጠችው። ነገ እስኪመጣ ፋሻውን ይዛ ትደር ወይስ ብዕሩን፣ አላወቀችም።