የባየልኝ መስመር

ወይዘሮ ውባንተ፣ ሱዳን ተሻግሮ የቀረው ልጃቸው ባየልኝ የተወውን ኮምፒውተር ይዘው መተማ ዮሐንስ ከተማ ወዳለችው ኮምፒውተር ጠጋኝ ወደ ምስራቅ ሄዱ። የልጅ ልጃቸው ለትምህርቷ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ አዲስ ሲስተም እንዲጫንላት ፈልጋለች።

«አሮጌውን ላጥፋው፣ እማማ?»

«አሮጌ የሚጠፋ ከሆነማ ከእኔ ጀምሪ! የልጄ ድምፅ ያለው እዚያ ነው።»

ምስራቅ እየሳቀች አዲሱን ጫነች፤ አሮጌውንም ሳታጠፋ አኖረችው። ኮምፒውተሩ ሲበራ የሁለቱ ሲስተሞች ስም ስክሪኑ ላይ ላይና ታች ሆኖ መጣ፤ ወዲያው ግን ወደ አዲሱ ገባ።

«ምን አስቸኮለው?»

«ካልመረጡለት በራሱ ይነሳል።»

«ሰው እስኪመርጥ ይጠብቃ!»

«ሰው ካልመጣ እንደቆመ ይቀራል እኮ።»

«ይቁም! እኔስ ሰሊጥ በታጨደ ቁጥር ድንበሩን እያየሁ ቆሜ የለም?»

ምስራቅ ሰው እስኪመርጥ እንዲጠብቅ አድርጋ አስተካከለችው።

«የባየልኝ የቱ ነው?»

«የላይኛው።»

ፊደል አይቆጥሩም፤ ጣታቸውን ግን የላይኛው መስመር ላይ አሳርፈው ቆዩ። ስክሪኑም ጠበቀ።