የደሊል ጆሮ

ከሪማ ፈሪ ሴት አልነበረችም። አልጋ ወራሹ ንጉሥ በተባሉ በዓመቱ፣ ባሏ ቆዳና ቅቤ ሊሰበስብ ወደ አርሲ ወጥቶ ወራት ሲቆይ፣ የአዳማዋን ሱቅ ብቻዋን ከፍታ ብቻዋን የምትዘጋ፣ ሚዛን ከሚያዛባ ነጋዴ ጋር ተሟግታ የምትረታ፣ ጅብ በአጥር ጥግ ሲያልፍ «ሂድ፣ ቤት ተሳስተሃል» ብላ እንቅልፏን የምትቀጥል ሴት ነበረች። እንዲህ ያለችው ሴት ከሰው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ትፈራ ነበር። እሳቸውም የልጇ አስተማሪ ሼህ መሐመድዘይን ናቸው።

ሼሁ ከወሎ የመጡ፣ ረዥምና ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ቁርአን የሚያስቀሩበት ዳስ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ነበር። ባሏ ደሊልን ወስዶ ሲያስረክባቸው እንደ ወጉ «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ» ብሎ ነው የሰጣቸው። ይህን ያለ ወላጅ ተመልሶ ሄዶ «ልጄን ለምን ነኩብኝ» አይልም። ያለ እንደሆነ ቃሉን ያጠፈ ይባላል፣ ልጁም የሚቀራበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሎሁን፣ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሎህ ያልያዘ ልጅ ደግሞ ገበያ ለገበያ ሲዞር የሚያድግ ነው፤ ከሪማ ይህን ለጠላቷም አትመኝም።

የደሊል ጆሮ መቅላት የጀመረው የሚያዝያ ሙቀት ሲበረታ ነበር። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ቆዳው ተገሸለጠ። ደሊል ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነው። ምን ሆንክ ብትለው ምንም አለ። ማን ነካህ ብትለው ማንም አለ። ቁጣም ሞከረች፣ ቴምርም ሞከረች፣ ልጁ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ከማየት በቀር አንድ ቃል አልወጣውም። ከሪማ ግን መልሱን ለራሷ አገኘችው። ጆሮ የሚጠመዝዝ አስተማሪ ነው፤ አስተማሪው ደግሞ አንድ ነው። ማታ ማታ ቅቤ እየቀባች፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

በዚህ ሁሉ መሐል የሚያጽናናት አብዱናሲር ነበር። አብዱናሲር ከሼሁ ተማሪዎች ትልቁ፣ ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ጎረምሳ ነው። ትምህርት ሲለቀቅ ትንንሾቹን በሐዲዱ ዳር እየነዳ በየቤታቸው እንዲያደርስ ሼሁ አደራውን የሰጡት ለእሱ ነው። ከሱቁ በር ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የከሪማን እጅ ይስማል፣ «እትዬ፣ ልጅዎን አምጥቻለሁ» ይላል፣ ዓይኑን ቀና አያደርግም። ከሪማም ከቴምሩ ጆንያ እፍኝ ሙሉ ትሰጠውና እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ማሕፀን ትባረክ ትላለች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኸው ነው።

ጆሮው ብቻ ቢሆን እንኳ ከሪማ በቻለችው። ልጁ ግን ከእንቅልፉ እየባነነ «እየጮኸ ነው፣ ቀርቧል» ማለት ጀመረ። ምኑ ነው የሚጮኸው ስትለው አያውቅም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከሪማ ሌላ ነገር መፍራት ጀመረች። በቆላው መንገድ ላይ ልጅ የሚለክፍ ጂን አለ ሲባል ሰምታለች፤ የአንዲት የቀድሞ ጎረቤቷ ልጅ እንዲሁ እየባነነ፣ እየከሳ፣ በመጨረሻ ማንንም ሳይለይ ነው የሞተው። ክታብ አሰረችለት። ሎህ ላይ የተጻፈውን አሳጥባ ውሃውን አጠጣችው። ልጇ ከእጇ እየወጣ ሌላ ቦታ እየሄደ መሰላት፤ ያንን ቦታ ግን አታውቀውም።

ግንቦት ሲገባ ጆሮው ዳነ። አዲስ ቆዳ አወጣ፣ ቅላቱ ጠፋ። ከሪማ አልሐምዱሊላህ ብላ ሳትጨርስ ግን ልጁ ባሰበት። ምግብ ተወ። ዓይኗን ማየት ተወ። ከአዋሽ የሚመጣው ባቡር ከሩቅ ሲያፏጭ ከእጁ ያለውን ሁሉ ይጥላል፣ አንድ ጊዜም ቆሞ እያለ ሱሪው ላይ ሸና። እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች፤ እሱ ግን ማየቷን አውቆ ከጆንያዎቹ ኋላ ገብቶ ተደበቀ።

በማግሥቱ ከሪማ ስኳርና ሻይ ቅጠል በጨርቅ ቋጥራ ወደ ሼሁ ሄደች። የሄደችው ለክስ አይደለም፤ ለክስማ ወኔው የላትም። ጆሮውን ስለተዉለት ልታመሰግን፣ በዚያውም ለድንጋጤው ዱዓ እንዲያደርጉለት ልትለምን ነው። ለሚፈሩት ሰው በምስጋና በር መግባት ይቀላል። ስትደርስ ልጆቹ ተለቀው ሄደዋል፤ ሼሁ ብቻቸውን ከዳሱ ሥር ተቀምጠው የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ።

ስኳሩን አስቀመጠችና ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ ልጁን ከነጥፋቱ ስለታገሡት፣ በተለይም ጆሮውን ስለማሩለት አላህ ይስጥልኝ አለቻቸው። የሼሁ ጣቶች ቆሙ።

«የምን ጆሮ?» አሉ።

«ይጠመዝዙት የነበረውን። ክፉ ብዬ አይደለም። ሥጋው የእርስዎ ነው።»

ከሪማ ዓይኗን አነሳች። ፊታቸው ላይ ቁጣ ትጠብቅ ነበር፤ ያየችው ግን ቁጣ አልነበረም።

«የልጅሽን ጆሮ ነክቼ አላውቅም» አሉ። «በእሳት የተተኮሰ መስሎኝ ነበር። አባቱ የራቀበት ልጅ እናቱን አስመርሮ ቀጥታው ይሆናል፣ የቤት ነገር ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሲድን ደግሞ ልቧ ራራ ብዬ አንቺን በልቤ ሳመሰግን ሰነበትኩ።»

ከሪማ መጀመሪያ እፍረት ተሰማት፤ እኔ ልጄን በእሳት፣ ብላ ልትቆጣም ቃጣት። ከዚያ ግን ነገሩ ገባት፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። እሷ አይደለችም። እሳቸውም አይደሉም። ሁለቱም ቁስሉን አይተዋል፣ ሁለቱም ለይሉኝታ ብለው አፋቸውን ይዘዋል፣ በመሐሉ ሌላ ሰው የልጇን ጆሮ እንደልቡ ሲያደርገው ከርሟል። ጂን በሆነ ብላ ተመኘች።

«ከዚህ ወጥተው ቤት እስኪደርሱ ከማን ጋር ናቸው?» አለች፣ መልሱን እያወቀችው። ሼሁ ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ተነሥተው ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ መንገድ ጀመሩ።

ፀሐይዋ አናት ላይ የምትወጣበት ሰዓት ነው። ሐዲዱ ከግራሮቹ ሥር እስከሚታጠፍበት ድረስ ሰው አይታይም። ከሪማ ሐዲዱን ስትሻገር ተደናቀፈችና በመዳፏ ብረቱን ያዘች። አቃጠላት። እጇን ልታነሣ ስትል ደግሞ ብረቱ በውስጡ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነበረው። ባቡሩ ገና በዓይን አይታይም፣ በጆሮም አይሰማም፤ ሐዲዱ ግን እየጮኸ ነበር። የልጇ ቅዠት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀች። «ጆሮውን እዚህ ላይ ነው የሚያስተኙት» አለች። ሼሁ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ። በአዳማ ሼህ መሐመድዘይን ሲሮጡ ያየ ሰው አልነበረም።

ከግራሮቹ ጀርባ ሲደርሱ ልጆቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። አብዱናሲር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቴምር እየበላ «ምን ይላል? ሩቅ ነው ቅርብ?» እያለ ይጠይቃል። አንድ ትንሽ ልጅ በሆዱ ተኝቶ ጆሮው ሐዲዱ ላይ ተጣብቋል፤ ሌላ ልጅ ጀርባው ላይ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞታል። ከሪማ የተኛው ደሊል ነው ብላ ነው የሮጠችው፣ እግሯ መሬት የነካም አልመሰላት። ስትቀርብ የተኛው የጎረቤቷ የመሪማ ልጅ ሽኩር ሆነ።

ጀርባው ላይ የተንበረከከው ደሊል ነበር።

ባቡሩ አፏጨ። ከሪማ ልጇን በአንገትጌው መንጥቃ ወደ ኋላ ጣለችው። ትንሹ ሽኩር ግን የያዘው ቢለቀውም አልተነሣም፤ ተነሥ እስኪባል እንዳይነሣ ታዟል። ሼሁ አቅፈው አነሡት። ባቡሩ አቧራውንና ጭሱን ሲያለብሳቸው ከሪማ ልጇ ላይ ተኝታ ነበር፤ ከሥሯ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል። እሷም ትንቀጠቀጥ ስለነበር የትኛው የማን እንደሆነ አልለየችም።

አቧራው ሲገለጥ ሌሎቹ ሸሽተዋል። አብዱናሲር ግን አልሸሸም። ቀስ ብሎ መጣና እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ እጇን ሊስም እጁን ዘረጋ። ከሪማ በዕድሜዋ እንደዚያች ቅጽበት ፈርታ አታውቅም። እጇን ከሻሿ ሥር ደበቀች። ሼሁ ይመቱታል ብላ ስትጠብቅ፣ አልመቱትም። አባቱ ዘንድ አብረው እንደሚሄዱ፣ ከአባቱ ጋር ሆነው እንደሚነጋገሩ ነገሩትና ከፊታቸው አስቆሙት። «መንገዱን ለአንተ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባትህ ፊትም መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው» አሉት።

ደሊል አፉ የተፈታው ያን ጊዜ ነው። «ሽኩርን ካልያዝኩት እኔን ያስተኛኛል» አለ። «የእኔ ተራ ካለቀ በኋላ ነው የያዝኩት፣ እማ።»

ሼሁ ትንሹን ልጅ እንደታቀፉ፣ ከነገ ጀምሮ እስከ ግራሮቹ ራሳቸው እንደሚያመጧቸው፣ ከግራሮቹ ወዲህ ደግሞ እናቶቹ ተራ ገብተው እንዲቀበሉ ተናገሩ። ልጅ ቁስል ይዞ ቢመጣ ቤቱ ለዳሱ፣ ዳሱም ለቤቱ በዕለቱ ይናገር አሉ። ከሪማ ሁሉንም እሺ አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለመሪማ ሲነገር የአብዱናሲር ስም ብቻ ይነሣ ዘንድ ለመነች። ደሊል ልጅ ነው፣ ተገዶ ነው፣ አንድ ሰፈር ነው የምንኖረው፣ ይኼኛው በእኔና በእርስዎ መሐል ይቅር አለች።

«እስካሁንም በእኔና በአንቺ መሐል ነበር የቀረው» አሉ ሼሁ። ሽኩርን ክንዷ ላይ አስቀመጡላትና አብዱናሲርን ይዘው ሄዱ።

መንገዱን ሁሉ ምን ልትል እንደሆነ ስታስብ ነበር። ሽኩር አንገቷ ሥር ገብቶ ተኝቷል፤ የሚያቃጥለው ጆሮ ትከሻዋ ላይ ነው። ደሊል ከኋላዋ ይከተላል፣ ሊሸሽ ቢፈልግ ሊሸሽ ይችል ነበር። መሪማ ከአርሲ የመጣች ቅቤ ነጋዴ፣ ነገር ፈጥኖ የማይገባት ሳይሆን ክፉ ፈጥኖ የማይታያት ሴት ናት። ከደጇ ብቅ ብላ ልጇን በከሪማ ክንድ ላይ ስታይ ፊቷ በራ።

«ገለቶሚ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ከሪማ። ተሸክመሽ አመጣሽልኝ? ግቢ፣ ግቢ።» ልጇን ተቀብላ ጆሮውን እፍ አለችለት። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አይታ፣ ሰው እንዳይሰማ ወደ ከሪማ ጆሮ ጠጋ አለች። «ሼሁ ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። ምን ይደረግ፣ ሥጋው የእርስዎ ብለን ሰጥተናል። እኔ ዝም ብያለሁ። አንቺም ለማንም እንዳትናገሪ።»

ከሪማ እሺ ለማለት አፏን ከፈተች። እሺ ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም፣ መሪማም ወዳጇ ሆና ትቀጥላለች። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ደሊልን ያዘችና ከፊቷ አቆመችው።

«ሼሁ አይደሉም» አለች። «የእኔ ልጅ ነው።»