ለአባባ የተነገሩ የእሑድ ጉዞዎች

አባቴ ከሞተ በኋላ ከሃያ በላይ ጉዞ ነግሬዋለሁ። ይህን ስል ሰው የሚያየኝ ዓይን ይገባኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። እኔ ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ተማሪ ነበርኩ። እሱ በከተማችን በመካነ ሰላም ተቀብሯል። እኔ ደግሞ እሑድ በመጣ ቁጥር እየደወልኩ የትኛውን ተራራ እንደወጣሁ፣ ባሕሩ በየት በኩል እንደነበረ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ እነግረዋለሁ። በመካከላችን ሆና «አባባ እንዲህ አለ፣ አባባ ይህን ጠይቂልኝ አለ» የምትለኝ ታናሽ እህቴ ሸጋዬ ነበረች። ይህን ይቅር ለማለት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብኝ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ እህቴን ላጣት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ኖርዌይ የሄድኩት ስለ ዓሣ እርባታ ልማር ነው። ከመካነ ሰላም ተነስቶ ዓሣ የሚማር ምን ዓይነት ሰው ነው አትበሉኝ፤ የተገኘው ዕድል እሱ ነበር። አባቴ ወሬውን ሲሰማ ለጎረቤታችን ለጋሽ አሕመድኑር «ልጄ ውኃ ውስጥ የሚኖር ከብት ሊማር ነው» ብሎ ነገራቸው። ዛሬም የወረዳው እንስሳት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሙያህ ምንድን ነው ስባል ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አባቴ ንጉሡ እግረኛ ሰው ነበር። በጉልምስናው በቅሎ እየነዳ፣ ዓባይን እየተሻገረ ጎጃም ድረስ ይነግድ ነበር፤ ወረኢሉንም፣ አቀስታንም፣ ኩታበርንም በእግሩ ነው የሚያውቃቸው። ስለ አንድ አገር ሲጠየቅ ስለ ሰዉ ከማውራቱ በፊት ዳገቱን ይናገራል። እኔ በሄድኩበት ዓመት ግን ጉልበቱ ከዳውና ደጃፍ ላይ ካለችው ድንጋይ አልፎ መሄድ አቃተው። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች፣ ሸጋዬ ደሴ የጀመረችውን የመምህራን ኮሌጅ አቋርጣ እሱን ልታስታምም ቤት ገባች። እኔ በአውሮፕላን ስሄድ እሷ በሚኒባስ ተመለሰች ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህን ብዙም አላሰብኩበትም።

ትሮምሶ ላይ ፀሐይ በኅዳር ትጠልቅና እስከ ጥር አትመለስም። ቀትር ላይ ሰማያዊ ብርሃን ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል፣ ይሄዳል። ከዚያ ጨለማ ነው። ከተማው ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ እንደ አገሬ ልማድ ሰላም ስል፣ ሰዎቹ ደግሞ ይሄ ሰውዬ ምን ፈለገ እያሉ መንገድ ሲቀይሩ፣ በመጨረሻ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከትምህርት ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ትምህርት ሆነ ኑሮዬ። አባቴ ድምፄን በስልክ ሰምቶ አወቀ። እዚያ አገር ሰው በእግሩ አይሄድም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይሄዳል፣ ኦድቫር የሚባሉ ጡረተኛ የጀልባ መካኒክ አሉ፣ እሑድ እሑድ ከውጭ የመጡ ተማሪዎችን ሰብስበው ተራራ ይወስዳሉ፣ እኔ ብርዱን ፈርቼ ነው አልኩት።

«እንግዲያው ሂድና ንገረኝ» አለ። «እኔ እንደሆን ከዚች ድንጋይ አልነሳ።»

የመጀመሪያው ዕለት መሳቂያ ሆንኩ። ደሴ የገዛሁትን የቆዳ ጫማ አድርጌ ሄድኩና ገና ከመኪና ስወርድ በረዶው አንሸራቶኝ በቂጤ ተቀመጥኩ። ኦድቫር ከሥሩ የብረት ጥርስ ያለው ላስቲክ ከቦርሳቸው አወጡና ተንበርክከው ጫማዬ ላይ አጠለቁልኝ። ሽማግሌ እግሬ ሥር ሲንበረከክ ማየት አስደንግጦኝ ልነሳ ብል እንደገና ወደቅኩ። ከዚያ ሁላችንም ግንባራችን ላይ ባትሪ አስረን፣ ክቫሎያ በሚባለው ደሴት ጠርዝ ተከታትለን ሄድን። በግራ ጥቁር ውኃ፣ በቀኝ ነጭ ተራራ። ባሕር ይጮኻል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን ድንጋዩን ላስ አድርጎ ዝም ብሎ ይመለሳል። አንድ ቋጥኝ ሥር ተጠግተን ብርቱካንና ቸኮላት በላን፣ ከፔርሙዝ ሻይ ጠጣን። ማታ ለአባቴ ስነግረው ከዚህ ሁሉ የገረመው የብረቱ ጥርስ ነው።

«እንደ በቅሎ ናል መቱልህ በለኛ» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ እሑድ ቀርቶብኝ አያውቅም። ዳገቱ ትንፋሽ ይቆርጣል ወይ ይለኛል፤ ነፋሱ ከየት ነው፣ ሽማግሌው ከፊት ናቸው ወይስ ከኋላ። ኦድቫር ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚሄዱት ስለው ደስ አለው፤ በቅሎ የሚያውቅ ሰው ከኋላ ነው የሚሄደው አለ። ሳይታወቀኝ ለእሱ ብዬ ማየት ጀመርኩ። የዓሣ አጥማጆቹን ቀያይ ቤቶች፣ ከደቡብ የምትመጣውን የመንገደኛ መርከብ መብራት፣ በበረዶው ላይ የቀበሮን ዱካ ለማታ እያልኩ እይዘዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገረኝ ጥር ስድስት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ፀሐይ ትመለሳለች ብዬ ነገርኩት፤ ስትመጣ በየት በኩል እንደወጣች አይተህ ንገረኝ አለኝ።

ጥር አሥራ ሦስት ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ ወጣን። መንገዱን ሕፃንና ሽማግሌ ሞልቶታል፤ ሁሉም ለዚያች ቀን የሚጋገር ክብ ዳቦ በእጁ ይዟል። እኩለ ቀን አካባቢ በሁለት ተራሮች መካከል፣ ከባሕሩ በላይ፣ የጥፍር ጫፍ የምታህል ፀሐይ ብቅ አለች። ኦድቫር ኮፍያቸውን አወለቁ። አራት ደቂቃ ብትቆይ ነው፤ ተመልሳ ገባች። እኔ አልቅሼ ስቄያለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት የለም።

ማታ ስደውል ሸጋዬ አነሳች። አባባን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፣ ጆሮውም ከብዷል አለችኝ። «ለእኔ ንገረኝና እኔ አጠገቡ ሆኜ እነግረዋለሁ።» አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት። ስጨርስ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ «ከዚያስ ይላል አባባ» አለች።

እንግዲህ አባቴ ከተቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነበር።

ከየካቲት እስከ ሰኔ እንዲህ እያለ አለፈ። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ጥያቄዎቹ መለወጣቸውን አለማስተዋሌ ነው። ዳገትና ነፋስ ቀረ። ሴቶችም ይሄዳሉ ወይ አለች፣ አባባ ጠይቂው ብሎኝ ነው ብላ። ተራራ ላይ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴት ውሻቸውን አስከትለው በበረዶ መንሸራተቻ ብቻቸውን ሲሄዱ እንዳገኘን ነገርኳት፤ ከተማ ውስጥ ሰላምታዬን የሸሸው ሕዝብ ተራራ ላይ ሲሆን ከሩቅ «ሃይ ሃይ» እንደሚል ጭምር። ብቻቸውን ሲሄዱ ወዴት ነው የሚላቸው የለም ወይ አለች። የለም አልኳት። ይህን ጥያቄ ሦስት እሑድ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ባሕሩ አፋፍ ላይ የመንገደኛ ሁሉ የሆነ ጎጆ አለ፤ የገባ ሰው መዝገብ ላይ ስሙንና ከየት እንደመጣ ይጽፋል። «ይሄነው ንጉሡ፣ ከመካነ ሰላም» ብዬ ጽፌያለሁ ስላት፣ በሳምንቱ «አባባ የሸጋዬንም ስም ጻፍላት ብሏል» አለችኝ። አባባ ጃጀ እንዴ እያልኩ ሄጄ ጻፍኩላት።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ። ደሴ አጎታችን ምንይችል ቤት አድሬ፣ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ልወጣ ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። ጋሽ አሕመድኑር ከፊት፣ የመካነ ሰላም ጎረቤቶቻችን ከኋላ ገቡ። ሊቀበሉኝ የመጡ መስሎኝ እየሳቅኩ ሁሉንም ሳምኩ፤ ሻንጣዬን ከፍቼ ቸኮላት ማደል ጀመርኩ። የሚቀመጥ ሰው አለመኖሩን ያየሁት ቸኮላቱን በእጄ እንደያዝኩ ነው።

«ይሄነው ልጄ፣ አላህ ያጽናህ» አሉ ጋሽ አሕመድኑር። «ንጉሡን ጥር ስምንት ቀበርነው። በሰው አገር ብቻውን ሆኖ ማን ይይዘዋል ብለን ነው የደበቅንህ። ከፈረድክ በእኔ ፍረድ እንጂ በልጅቱ አትፍረድ።»

እኔ ግን የፈረድኩት በልጅቱ ነው። መርዶን መደበቅ አገሩ የሚያደርገው ነው፤ እኔም ከሰው ጋር ተባብሬ ለሌላው ደብቄ አውቃለሁ። «ከዚያስ ይላል አባባ» ግን ከዚያ ያልፋል። የሞተ ሰው ማስጠየቅ፣ የሞተ ሰው ማሳቅ! እንባዬ እምቢ አለኝ። መካነ ሰላም ስንደርስ ሸጋዬ ጥቁር ለብሳ እየሮጠች ስትመጣ ትከሻዬን ብቻ ሰጠኋት።

እሷ ኮሌጅ ተመለሰች፤ ለበዓል ስትመጣ በአንድ ገበታ በልተን ሳንነጋገር እንነሳለን። ስለዚያ አገር ስትጠይቀኝ ረስቼዋለሁ እላታለሁ። ውሸቴን ነው፤ ምኑንም አልረሳሁም። ቢሮ ተቀምጬ ያ ሰማያዊ ብርሃን ይናፍቀኛል። የፔርሙዙ ክዳን ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት፣ ቆጥ ላይ ተሰቅሎ የሚደርቀው ዓሣ ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኛል። ግን የትኛውንም ባነሳ የእሷ ድምፅ አብሮ ይመጣል። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም።

በዓመቱ፣ መስከረም ላይ፣ ተመርቃ ኩታበር ተመደበች። ሰኞ ልትሄድ ቅዳሜ ልብሷን እያጣጠፈች ሳለ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«በዓል ሲመጣ እንዳትጠብቀኝ ጋሼ። ኩርፊያ ወደሚያበላኝ ቤት ተመልሼ አልመጣም።»

ያን ጊዜ ነው የያዝኩት ሁሉ የወጣው። መደበቁንስ ሽማግሌዎች አዘዙሽ፣ ቃል አፉ ውስጥ ጨምሪ ያለሽ ማን ነው አልኳት። ማንም አላለኝም አለች። ታሟል ብቻ በይ ነበር የተባልኩት አለች።

«ታዲያ ጥያቄውን ሁሉ የጠየቀኝ ማን ነው? ስምሽን ጻፍላት ያለኝስ?»

«እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ካልኩበት ማን ያስነሳኛል? ሰው ሲመጣ አለቅሳለሁ፣ ሰው ሲሄድ ዕቃ አጥባለሁ። እሑድ ማታ ብቻ ነበር ከቤት የምወጣው፣ ካንተ ጋር። አንድ ቦታ እንኳ ስሜ ይኑር ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለራሴ ነው አትዪኝም?»

«ለእኔ ቢሆን ታሳጥረው ነበር» አለች። «ለእሱ ነበር አስረዝመህ የምትነግር።»

እውነቷን ነዋ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ስኖር እሷን አንቺስ እንዴት ነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። አፍሬ ወጣሁና ደጅ ቆየሁ። ስመለስ ነገ ጠዋት በእግር እንሂድ አልኳት። የት አለች። የትም አልኳት።

በማግስቱ የዓባይ ሸለቆ ወደሚታይበት አፋፍ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። እኔ ከኋላ፣ እሷ ከፊት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ አዳልጧት ሳቅን። ከአፋፉ ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አገኙን። ሰንበት ነው፣ ገበያ የለ፤ ሸክም ሳይዝ ነጠላ ለብሶ ያን ያህል የሚርቅ ሰው በእኛ አገር ለአንድ ነገር ነው የሚወጣው።

«ለማን ለቅሶ ነው ልጆቼ?» አሉን።

ለቅሶ አይደለም ልል አፌን ስከፍት ሸጋዬ ቀደመችኝ።

«የአባታችን ነው እማ።»

አሮጊቷ ጥላቸውን አጠፉ። ስሙን ጠየቁ፣ ንጉሡ ተባሉ። አያውቁትም። ዳር ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡና ንጉሡ እያሉ፣ ለማያውቁት ሰው፣ ወጉን ጠብቀው አለቀሱ። ጋሽ አሕመድኑር ፊት እምቢ ያለኝ እንባ እዚያ ጭቃ ላይ መጣ። ሸጋዬ ያዘችኝ፤ ሰው ሁሉ ማን ይይዘዋል እያለ ሲጨነቅብኝ የከረመውን ሰውዬ እሷ ያዘችኝ። አሮጊቷ እግዜር ያጽናችሁ ብለው፣ ራሳችንን ስመው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከራቁ በኋላ ለምን ዋሸሻቸው አልኳት።

«ምኑ ውሸት ነው?» አለች ሸጋዬ። «አንተ ገና ዛሬ መቅበርህ ነው።»

ጥቂት ተቀመጥን። ከዚያ ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች።

«በል ንገረኝ እንግዲህ» አለች። «አባባ አይደለም ያለህ።»

ከቆዳ ጫማው ጀምሬ ነገርኳት። መካነ ሰላም ስንገባ ገና ሦስተኛው እሑድ ላይ ነበርን።