የጉተማ ጥሩምባ

አባባ ጉተማ የእድር ለፋፊ ናቸው። ጥሩምባቸውን ከንፈራቸው ላይ ሲያደርጉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጁ ወደ ነጠላው ይሄዳል፤ ሞት ካልሆነ አይነፉማ። ከሞት ሌላ አፋቸው የማይጠግበው ወሬ ቢኖር የፊርዶስ ነው።

ፊርዶስ ጠበቃ ናት። የመን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ከእናቷ ጋር ባሕር ተሻግራ መጥታ እሳቸው ግቢ ተከራየች። አባቷ ኢትዮጵያዊ ቢሆኑም ኤደን ሞተው ቀርተዋልና በገባችበት ቢሮ ሁሉ «ለመሆኑ እዚህ ማን ያውቅሻል?» ትባል ነበር። ዜግነቷን እስክታስከብር አማርኛውንም ሕጉንም ልቅም አድርጋ ተማረች። ዛሬ ቃሊቲ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ፣ ቢሮ ከፍታለች፤ ከሶሪያ ይምጣ ከደቡብ ሱዳን፣ ወረቀት ያስጨነቀው ሁሉ ያን ደረጃ ይወጣል። እሁድ እሁድ በእድሩ አዳራሽ ስለ መብታቸው በነጻ ስታስተምራቸው አባባ ጉተማ ከፊት ይቀመጣሉ። የሚገባቸው ግማሹ ነው፤ የሚኮሩት ግን በሙሉው ነው።

በቅርቡ የያዘችው የሰልዋን ጉዳይ ነበር። ሰልዋም የኤደን ልጅ ናት። አባቷ ጂራታ በጎረምሳነቱ ከዚሁ ከአቃቂ ሰፈር ወጥቶ እዚያው ወልዶ እዚያው አረፈ፤ መርዶው እንኳ ለሰፈሩ አልደረሰም። ሰልዋ ሕፃን ልጇን አዝላ ወደ አባቷ አገር ብትመጣ፣ የጂራታ ልጅ መሆኗን ካላስመሰከረች ከአገር እንደምትወጣ ተነገራት። የቀራት አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው። ጂራታን የሚያውቁት አዛውንቶች ደግሞ ችሎት የሚባል ነገር ሲሰሙ፣ ጉዳዩን ሳይጠይቁ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«ሁለት ሰው ብቻ ያምጡልኝ፣ አባባ» አለች ፊርዶስ።

«ለእኔ ተይው፣ ልጄ።»

አባባ ጉተማ ሰው መጥራት የሚያውቁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። በቀጠሮው ቀን ማለዳ ጥሩምባውን ነፉና «ለጂራታ ውጡ! ሦስት ሰዓት፣ ቃሊቲ ፍርድ ቤት!» እያሉ ሰፈሩን ዞሩ። ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ የቀረውን ማን ያዳምጣል? ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ችሎቱ በር ላይ ደረሰ።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?» አለች ፊርዶስ። አባባ ጉተማ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ ዳኛው።

«ጂራታ!» አለ ሕዝቡ።

ከመሃል ሽማግሌው አደሴ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። «ጂራታ ወንድሜ! ከወንዝ ጎትተህ ያወጣኸኝ! የማንም ሳትሆን ባዕድ አገር ቀረህ!»

ፊርዶስ ፈጥና ተነሳች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው። ለልቅሶ አጥንቶ የሚመጣ የለም። ሰልዋ፣ አባትሽ ስለ ወንዙ የነገረሽን ንገሪያቸው።»

ሰልዋ ሽማግሌውን በፍርሃት አየቻቸው። «ወንዙ ሱሪውን የወሰደበት... አደሴ አንተ ነህ?» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «አባቴ የራሱን ሸሚዝ አሸርጦህ ቤትህ አደረሰህ።»

አደሴ እያለቀሱ ሳቁ። «ይህን ከእኔና ከጂራታ በቀር የሚያውቅ የለም! ለሚስቴም አልነገርኩ!» ብለው ልጅቱን እቅፍ አደረጓት። ለቀስተኛው በእንባው መሃል በሳቅ ፈነዳ፤ ዳኛውም ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ከዚያ ፊርዶስ ጂራታን የሚያውቁትን አንድ በአንድ አስመሰከረች፤ ጉልበቱን ያመመው አንድም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሰልዋ የጂራታ ልጅ፣ ኢትዮጵያዊት መሆኗ ተወሰነ።

አባባ ጉተማ አውቶቡስ መጠበቅ አቅቷቸው በእግራቸው ገሰገሱ። ሰፈር ሲደርሱ ጥሩምባውን አንስተው ነፉ።

ቤት ጠባቂ ሆና የቀረችው አሰለፈች ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ብቅ አለች። «ደግሞ ማን ሞተ፣ አባባ?»

«ማንም አልሞተ! ነጠላሽን መልሺው!» አሉ አባባ ጉተማ፣ የሟች ስም በሚጠሩበት በዚያው ድምፃቸው። «ፊርዶስ ረታች! ልጃችን ረታች!»