ማንም ያልፎከረባት ሽጉጥ

ነጋዴው ሙሐመድጣሂር ከገላባት ድንበር አሻግሮ ያመጣትን ነገር ከስኳር ጆንያ ውስጥ አውጥቶ በባላምባራስ አዛናው ጋቢ ላይ ሲያስቀምጣት፣ ከግራሩ ሥር የተሰበሰቡት አርበኞች ሳቁ።

ሽጉጥ ናት። አዲስ ናት፤ የተቀባችው ዘይት እንኳ ገና አልደረቀም። ግን ከአንድ መዳፍ አታልፍም። አፈሙዟ እንደ አውራ ጣት አጭር፣ ጥይት የምትጎርስበት ሆዷ ድቡልቡል፤ ከኋላዋ ደግሞ የሚሳብ መዶሻ የላትም።

"ይህቺስ ገና ጡት አልጣለችም" አለ አንዱ።

"መዶሻዋ የታል? አታለውህ ነው እንዴ፣ ሙሐመድጣሂር?" አሉ ባላምባራስ።

"ከውስጥ ነው ባላምባራስ። ሲያወጧት ልብስ እንዳይዛት ብለው ሸሽገውታል። ምላጩን ጨከን ብሎ መሳብ ብቻ ነው። አምስት ትጎርሳለች፤ ከጎረሰችው ሌላ ጥይት ግን አላገኘሁም።"

በእነሱ ዘንድ አዲስ መሣሪያ ያገኘ ሰው ብድግ ብሎ የማን ልጅ፣ የማን ወንድም እንደሆነ እየጠራ ይፎክርበታል፤ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ይለቅና መሣሪያው የእሱ ይሆናል። ባላምባራስ ሽጉጧን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አገላበጧትና፣ "ወንድ ልጅ ይህቺን ይዞ ምን ብሎ ይፎክራል?" ብለው መልሰው አስቀመጧት። ከዚያ ሁሉ ወንድ እጁን የዘረጋ አልነበረም። እነዚያ በመትረየስ ፊት የሚሮጡ ሰዎች መሳቂያ መሆንን እንዴት ይፈሩ እንደነበር ያየ ጉድ ይላል።

ስንቅ የምታቀብላቸው አየሁሽ ግን አልሳቀችም። ወንድሟ ጀምበሩ መተማ ላይ በጣሊያን ምሽግ ውስጥ ታስሯል። በማግስቱ ጠዋት ከሌሎች እስረኞች ጋር በካሚዮን ወደ ጎንደር ሊወሰድ ነው፤ ጎንደር የሚጠብቀው ገመድ ነው። ምሽጉን ለመስበር አቅም የለም። መንገድ ላይ ቢያደፍጡ ደግሞ ጠባቂዎቹ ቀድመው የሚገድሉት እስረኞቹን ነው። ይህን ስታወጣ ስታወርድ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች።

ቀረብ ብላ ሽጉጧን አነሳቻት። ክብደቷ ከመጠኗ ይበልጣል። ጣቶቿን ስታጥፍባት ብረቷ ከዓይን ጠፋች። ወንዶቹ የናቋት በዚሁ ነበር፤ አየሁሽም የወደደቻት በዚሁ ነው።

"ለእኔ ይስጡኝ፣ ባላምባራስ።"

"ምን ልትሆንሽ?"

"ዛሬ ለጀምበሩ እራት አደርሳለሁ። ከእራቱ ጋር ትገባለች።"

ባላምባራስ ሳቃቸውን ዋጡ። "እንግዲያው በቅል ቅቤ ውስጥ ቅበሪያት" አሉ።

"የእርስዎ አገር ወገራ ነው፤ ደጋ። እዚህ ቆላ ቅቤ እንደ ውሃ ነው የሚቀዳው። ቅሉን ነቅነቅ ቢያደርጉት ትንኳኳለች።"

"እሺ፣ አንድ ተኩሰን ድምጿን እንስማ። ብትከዳውስ?"

"አምስቱም የጀምበሩ ናቸው። ወደ ሰማይ የምበትነው የለኝም" አለች። ባላምባራስ "ውሰጃት" አሉ።

ሽጉጧን በስስ የግልገል ቆዳ ጠቅልላ በገበቴ ሥር አስቀመጠችና፣ ከላይ ወፍራም የማሽላ ገንፎ ከመረችባት። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ አፈሰሰችበት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምሽጉ በር ደረሰች። በረኛው ሸጋው አብሯት ያደገ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ባንዳ ሆኖ ጠመንጃ ታጥቋል። የእስረኛ ምግብ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፤ ከዚያ ሸጋው እጁን እስከ ሥር ሰዶ ይፈትሻል። ጣቱን መላስም አይረሳም፣ ሆዳም!

አየሁሽ ቀመሰች። ሸጋው እጅጌውን ሲሰበስብ ግን ቀደመችው፤ ከጫፍ በኩል አንድ ትልቅ ጉርሻ ገንፎ ቆርሳ ቅቤውን አጠቀሰችና ወደ አፉ ዘረጋች።

"በሞቴ፣ ሸጋው! የእናቴን ገንፎ ረሳኸው?"

ጉርሻ የተዘረጋለት ሰው፣ ባንዳም ቢሆን፣ ፊቱን አያዞርም፤ ያደገበት ነው። አፉን ከፈተ። ሳይውጥ ደገመችው። በጣም ፈርታ ነበር። ሦስተኛውን ግን ቆርሳ ይዛ ጠበቀችው። ሸጋው አፉ እንደሞላ በእጁ "ይለፍ" አለ፤ ሌላ ዘበኛ ገበቴውን ይዞ ገባ።

ገበቴው ተጠርጎ ተመለሰ። ቆዳውም፣ ሽጉጧም የሉም።

በማግስቱ አርበኞቹ፣ ጀምበሩም እንደሚያውቀው ካሚዮን ሁሉ በሚያዘግምበት፣ በገንዳ ውሃ ወንዝ መሻገሪያ አደፈጡ። አየሁሽ "ቅሪ" ብትባልም አልቀረችም። ካሚዮኑ እያቃሰተ ወደ አሸዋው ሲወርድ፣ ደረቅ እንጨት እንደተሰበረ ያለ ድምፅ ከላዩ ተሰማ።

"እሷ ናት?" አሉ ባላምባራስ።

"ናት" አለች አየሁሽ፣ ድምጿን ሰምታ ባታውቅም።

እንደገና ተሰማ፤ ተደጋገመ። ካሚዮኑ አሸዋው ውስጥ ቆመ። አርበኞቹ እየጮኹ ወረዱ፤ የቀሩት ጠባቂዎች እጃቸውን ሰጡ።

ጀምበሩ ዳገቱን ወጣ። ሁለት እጆቹ በአንድ ሰንሰለት ታስረዋል፤ በእነዚያ እጆች ጠመንጃ መያዝ ባልቻለ ነበር። ሽጉጧ ግን በመዳፎቹ መካከል ተሸጉጣ ነበር። በባላምባራስ ፊት ቆመና የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ ወደ ላይ አነሳ። ሁሉም የአባቱን ስም ጠበቁ።

"ዘራፍ! ዘራፍ! እኔ የአየሁሽ ወንድም!"

ወደ ሰማይ የሚለቀው ጥይት አልቀረውም፤ የጠየቀውም የለም። አየሁሽ ቀረብ ብላ የታሰሩ እጆቹን ከነሽጉጧ በሁለት እጇ ያዘቻቸው።