የተረፈችው ቃል

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖረ። ከዚያ ስትሮክ የሚሉት ነገር መጣና ሁሉንም ጠራርጎ ወስዶ አንዲት ቃል ብቻ ተወለት፦ «ኦን»። ተማሪዎቹን ላብ በላብ ያደረጉት እነዚያ ትልልቅ ቃላት ሄዱ። አማርኛውም ሄደ። የእኔ ስም ሳይቀር ሄደ፤ በዚህስ ትንሽ ተቀይሜዋለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ይቺን ቃል ግን ከብዙ ሰው በላይ አውቃታለሁ። ማታ ማታ ሳሎናችን ውስጥ ያስጠና ስለነበር፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ማሽኔን እየረገጥኩ ስንት ዓመት ሰምቻታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱ ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና «ኦን ዘ ቴብል» ይላል። ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጥፍና «ኦን ዘ ዎል» ይላል። ልጆቹ «አሃ፣ ላይ ማለት ነው!» ብለው ደስ ይላቸዋል። ምስኪኖች።

ቀጥሎ ኮርኒሱ ላይ ተዘቅዝቃ የምትሄደውን ዝንብ ያሳያቸዋል። «ከበላዩ አይደለችም እኮ፣ ከሥሩ ናት» ይላሉ። «ነክታዋለች አይደል? በቃ፣ ኦን ናት» ይላል። እሺ ብለው ሳይጨርሱ ሰኞ ትመጣለች። ሰኞ ላይ ምን ይቀመጥበታል? አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ወንበር የያዘ ሰው «ኦን» ነው፣ ታክሲ ውስጥ የገባው ግን አይደለም። የበራ መብራት ኦን ነው፤ ምንም ላይ አልተቀመጠም፣ በርቷል ብቻ። በሰዓቱ የደረሰም፣ ኮፍያ ያደረገም፣ ሻዩን እኔ ልጋብዝ የሚልም ሁሉም ይቺኑ ቃል ይጎትታል። ጆሮዬ ሲደነቁር ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እጮህበታለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ትርጉም ሰጥተህ ብትገላግላቸው ምናለበት?»

«አንድ ትርጉም ብቻ ቢኖራት እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር?» ይለኛል።

አንድ ልማድ ነበረው። ተማሪ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» አይልም። ዝም ብሎ መነጽሩን ያወልቅና በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ይጀምራል። ልጁ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ይጠርጋል። ክፍሉም ጸጥ ይላል። ልጁ ሲያስተካክል መነጽሩ አፍንጫው ላይ ይመለስና «ጎ ኦን!» ይላል፣ ቀጥል ማለቱ ነው። ልጆቻችንንም ያሳደገው በዚሁ ነው። ሌላው ቤት አለንጋ ነበር፤ እኛ ቤት መነጽር መጥረግ። የመጀመሪያው ልጄ አንድ ጊዜ ብርጭቆ ሰብሮ በእህቱ ሲያላክክ፣ አባትየው እራቱን ትቶ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር። ምግቡ ቀዘቀዘ። ማንም አልተነፈሰም። በመጨረሻ ልጁ «እኔ ነኝ» ብሎ አለቀሰ። መነጽሩ ተመለሰ፣ «ጎ ኦን» ተባለ፣ በላን።

ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም ነበር፤ አፉም ከዚያች ቃል ሌላ አያወጣም። መድኃኒት ቤት የምትሠራውና ከእኛ ጋር የምትኖረው ትንሿ ልጄ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ስለሆነ፣ «ኦን» ባለ ቁጥር ምን ማለቱ ሊሆን እንደሚችል ታስረዳኝ ጀመረች። ከዚህ በኋላ የተፈጠረውን እብደት ለማንም አልመኝም። «ኦን» ሲል ሬዲዮ ከፈትኩ። አሁንም «ኦን» ሲል መብራት አበራሁ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሦስተኛ ሲል ኮፍያውን አጠለቅኩለት። አራተኛ ሲል ብርድ ልብስ ደረብኩበት። ሰውዬው ኮፍያውን ደፍቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ሬዲዮው እያንባረቀበት በላብ ተጠመቀ። ለካ የፈለገው ውሃ ነው። ጠጥቶ ሲጨርስ በግማሽ አፉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሲዞርበት ግን አብሬው አለቀስኩ።

ንግግር የምታለማምደው ሐኪም መጥታ ይህን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ቃሏን እሳቸው አልመረጧትም፣ እናቴ» አለችኝ። «እንዲሁ የተረፈች ናት። ትርጉም አይፈልጉላት፤ ድምፃቸውን ይስሙ።» ገባኝ። ሸሚዝ ላይ ቁልፎቹ ሁሉ ረግፈው አንዱ ሲቀር፣ ሸሚዙን ይዞ የሚውለው እሱ ነው። ማሽኔን ሳሎን አምጥቼ ከወንበሩ አጠገብ ተከልኩና ማዳመጥ ጀመርኩ። አጭርና ወፍራም ከሆነች ውሃ ናት። ረዘም ካለች ነይ ማለቱ ነው። ደጋግሞ ካንደቀደቃት ነዝንዤዋለሁ። ማታ ከመተኛታችን በፊት ቀስ አድርጎ የሚላት አንዲት ደግሞ አለች፤ እሷ የእኔ ስም ትመስለኛለች። ይህን ለሐኪሟም ለልጆቼም አልነገርኩም።

የመጀመሪያው ልጄ የመንገድ መሐንዲስ ነው፣ ሌላ ከተማ ይኖራል። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ስለሚጨነቅ ነው ነገሩ ሁሉ የመጣው። መታጠቢያ ቤት አባቱን ሳነሳ ወገቤ ከድቶኝ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘርረን ነበር። ትንሿ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ተቃቅፈን ተቀምጠን አገኘችን። እሷም አፏ አላረፈም፣ ለወንድሟ ነገረችው። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ መጣ፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ አግኝቷል። ክፍሉ መስኮት አለው፣ ነርሶች አሉ፣ የእሱ ቤትም ቅርብ ነው።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺ እኛ ጋ ትሆኛለሽ። እሁድ እሁድ እየሄድሽ ትጠይቂዋለሽ።»

«ባሌን እሁድ እሁድ ልጠይቀው?»

«እማዬ፣ ወገብሽን እይው። ነገ አንቺ ብትሰበሪ ማን ማንን ሊያነሳ ነው?»

ስለ ወገቤ እውነቱን ነው። ቀጥሎ ያለው ነው ያቃጠለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ አባዬ እዚህ ይሁን እዚያ አይለየውም። የለም እኮ። እሱ ሄዷል» አለኝ። አባትየው ከአጠገባችን ተቀምጦ ወደ ውጭ ያያል። ደሜ ፈላ።

«ሁሉንም ያውቃል! ቆይ ላሳይህ» ብዬ ወደ ባሌ ዞርኩ። «መምህር፣ ይሄ ልጅህ ነው አይደል?»

«ኦን» አለ።

«አየህ!»

ልጄ ተነፈሰና «አባዬ፣ እኔ ፍየል ነኝ?» ሲል ጠየቀው።

ባሌ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ኦን» አለ፣ እርግጠኛ ሆኖ።

ትንሿ በሳቅ ወደቀች። ባሌም በግማሽ አፉ ፈገግ አለ፤ ቀልድ አምሮት እንደነበር እኔ አውቃለሁ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በእንዲህ ዓይነቱ ፊት ተቀልዶብኛል። ልጄ ግን አልሳቀም። «አየሽ፣ እማዬ?» አለኝ፣ በሐዘን። እኔም ባሌን ባንቀው ደስ ባለኝ። ሰው እንዲህ ባለው ሰዓት ይቀልዳል?

ከዚያ በኋላ ምን ብናገር «አንቺ እንዲሆን የምትመኚውን ነው የምታይው» ሆነ መልሱ። እኔ አይሆንም እንዳልኩ፣ እሱ እናስብበት እንዳለ ነገሩ አደረ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢወስዱትስ? እዚያ ያሉት ሰዎች አጭሯን ከረጅሟ በምን ይለዩለታል? ውሃ ሲላቸው ኮፍያ ያደርጉለታል። ማታ ላይ ደግሞ ስሜን ቢጠራ ማን ይሰማዋል?

በማግስቱ ጠዋት ማሽኔ ላይ ተቀምጬ በአንድ እጁ ጎትቶ እንዲለብሰው የሱሪውን ወገብ ላስቲክ ሳስገባለት ነበር። ባሌ ወንበሩ ላይ ነው። ትንሿ ወደ ሥራ ልትሄድ ጫማዋን ታስራለች። ልጄ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስልክ ደወለ። የመንከባከቢያው ኃላፊ የውጭ አገር ሰው ስለሆነች በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው። እኔ እንደማልሰማ ያውቃል። አባቱም እንደማይሰማ ነው ያሰበው። እንግሊዝኛን በዚህ ቤት ማን እንዳስገባው ረስቷል ማለት ነው።

«ፋዘር» አለ፣ «ማዘር» አለ፣ ብዙ ነገር አለ። ከዚያ «ኦን መንደይ» ሲል ሰማሁ። ሰኞ! ክው አልኩ። የሚወስደው ሰኞ ነው።

ቀና ስል ባሌ ግራ እጁን ወደ ፊቱ ሲያነሳ አየሁ። መነጽሩን አወለቀ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ በማትታዘዘው እጁ ክብደት ያዘው፣ በግራው የሸሚዙን ጫፍ ሳበና መጥረግ ጀመረ።

እንዲህ ሲያደርግ ከታመመ ወዲህ አላየሁትም። የማሽኔን ጎማ ያዝኩት። ትንሿ የጫማዋን ክር እንደያዘች ቀረች።

ልጄ ዞር ሲል አየው። ንግግሩ መሐል ላይ ተንጠለጠለ። «ኢን መንደይ» አለ፣ ድምፁ ሳስቶ። ባሌ ይጠርጋል። «አት መንደይ» አለ። ባሌ ይጠርጋል። ያ ሁሉ መንገድ የሠራ ሰውዬ፣ ጺሙ የሸበተ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ዓይኔ እያየ የድሮ ተማሪ ሆኖ ቁጭ አለ። የመጀመሪያው ልክ እንደነበር እኔ እንኳን አውቃለሁ፤ ሰኞ ኦን ናት። ስህተቱ እዚያ አልነበረም።

«ምንድን ነው ያለው?» ብዬ በሹክሹክታ ትንሿን ጠየቅኳት።

«አባታችን የሚባለውን ነገር አይረዳም፤ እናታችንም ተስማምታለች፤ ሰኞ እናመጣዋለን» አለችኝ፣ ዓይኗን ከአባቷ ሳትነቅል።

ተነስቼ ልጮህ ነበር። ግን እኛ ቤት መነጽር ሲጠረግ ማንም አይናገርም። ዋጥኩት።

ስልኩ ውስጥ ሴትየዋ «ሄሎ? ሄሎ?» ትላለች። ልጄ አንዴ አባቱን፣ አንዴ እኔን አየ። ፊቱ ልክ ብርጭቆውን እንደሰበረበት ቀን ሆነ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ ቀስ እያለ፣ አጭር አጭር አድርጎ ተናገረ። ትንሿ እየተከተለች ነገረችኝ። «ይቅርታ፣ የነገርኩሽ ልክ አይደለም። አባቴ ሁሉንም ይሰማል። እናቴ አልተስማማችም። መጀመሪያ እነሱን ልጠይቅ።»

ስልኩን ዘጋ።

ባሌ መነጽሩን አነሳና በአንድ እጁ አደረገው። አንዱ ጆሮ ጋ አልያዘም፣ ተንጋዶ ቀረ። ልጁን በተንጋደደው መነጽር ተመለከተና «ኦን» አለ።

ውሃ አይደለችም። ነይም አይደለችም። ያቺን ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ስንት ማታ ሰምቻታለሁ። ቀጥል ማለቱ ነበር።

ልጄ ወንበሩ ሥር ተንበረከከና «አባዬ» ብሎ ጉልበቱን አቅፎ አለቀሰ። ባሌ ግራ እጁን የልጁ ጭንቅላት ላይ አሳረፈ። እኔም ማሽኔ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ትንሿም ከሥራ ዘገየች።

ሲረጋጋ ልጄ የአባቱን መነጽር አቃናለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ከመጣ ጀምሮ አባቱን እንደ ሰው ሲያናግረው ያኔ የመጀመሪያው ነበር። «አባዬ፣ እማዬ አንተን ማንሳት አልቻለችም። መታጠቢያ ቤት ስትወድቁ አንድ ነገር ብትሆኑስ? ምን ይሻላል?»

ባሌ አሰበ። እኔን አየኝ፣ ወገቤን አየ፤ ያየው ወገቤን መሆኑን እምላለሁ። ከዚያ ግራ እጁን አንስቶ የመታጠቢያ ቤቱን በር አመለከተ። ጣቱን ግድግዳው ወዳለበት አዞረና በባዶ አየር አንድ ነገር ጨብጦ ራሱን ወደ ላይ ሳበ።

«መደገፊያ ብረት!» አለ መሐንዲሱ። ግንባሩን መታ። «እንዴት እኔ...» ብሎ ተወው።

በዚያው ቀን ብረትና ግድግዳ መብሻ ድሪል ገዝቶ መጣ። ጠዋት ጠዋት የምታግዘኝ ሴትም ትንሿ ከሰፈር አፈላልጋ አገኘችልኝ። ሰኞ ሻንጣውን ይዞ የሄደው ልጄ ብቻ ነበር።

ብረቱን የገጠመ ጊዜ አባቱን በወንበሩ እስከ በሩ ገፋነው። ልጄ ብረቱን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ «እዚህ ጋ ይሁን፣ አባዬ?» አለው። መነጽሩ ወለቀ። ልጄ ብረቱን ትንሽ ዝቅ አደረገው። መነጽሩ ይጠረጋል። አሁንም ዝቅ አደረገው። እኔ ከኋላ ሆኜ «አንተ ሰውዬ፣ የልጁ እጅ ዛለ እኮ!» አልኩት። አልሰማኝም፤ መጥረጉን ቀጠለ። ብረቱ ሌላ አንድ ጣት ያህል ሲወርድ መነጽሩን አደረገና ግድግዳውን በደንብ አየ።

«ኦን» አለ።

ልጄ ድሪሉን አስነሳ።