ሸምበቆው የታመመ ሰሞን

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብሎ የተረተ ሰው ያንን ሕንፃ አላየም ማለት ነው። እዚያ ቤት የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል፤ ታፍሶም ሥራ ይሰጠዋል። አርባ ቤተሰብ ተባብሮ ያቆመው ባለ አራት ፎቅ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ፊቱን የታጠበበት ውሃ በግድግዳው ውስጥ በሚወርድ ቱቦ ግቢ ይደርሳል። መጀመሪያ ቅባቱን በሚያስቀር ጉድጓድ ያልፋል፤ ከዚያ ጠጠር በሞላው፣ ሸምበቆ በተተከለበት ረጅም ገንዳ ውስጥ ሁለት ቀን ሲንፏቀቅ ይቆይና በዚያኛው ጫፍ ጠርቶ ይወጣል። በእጅ ፓምፕ ተገፍቶ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ የአርባውን ቤት ሽንት ቤት ያጥባል፤ የተረፈው የጓሮውን ጎመን ያጠጣል። ለመጠጥ የሚሆነው ደግሞ የዝናብ ውሃ ነው፤ ከጣሪያ ተሰብስቦ በአሸዋ ተጣርቶ ከግቢው ሥር በተቀበረ ታንከር ይጠራቀማል። የከተማው ቧንቧ መጣ ቀረ የሚለውን ወሬ እነዚህ ሰዎች የሚሰሙት ከሌላ ሰፈር ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ያሰቡት አባ ቱቦ የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። መሐንዲስ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው፣ ስንት ውሃ በከንቱ ሲሄድ እንዳዩ ሲያወሩ ዛሬም ይበሳጫሉ። የመጀመሪያውን ጠጠር ሲያስገለብጡ ሰው ሁሉ ስቆባቸዋል፤ «ሰውዬው ለእጣቢ ቤተ መንግሥት ሊሠሩለት ነው» ተብለዋል። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሸምበቋቸውን ተከሉ። አሁን የሳቁት ሰዎች እንግዳ ሲመጣባቸው ገና ወንበር ሳይስቡለት ገንዳውን ሊያሳዩት ይወስዱታል።

የሰው ልብስ እያጠበች የምታድረው አጣቢ ከእናቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ከገባች አምስት ወሯ ነው። የቤቱ ደንብ አዲስ ገቢ ስድስት ወር በሙከራ ይቆይ፣ ከዚያ አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ይቀበሉት ወይም ያሰናብቱት ይላል። እሷ ደግሞ ስንብትን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ከዚህ በፊት አራት ቤት ለቃለች። አከራይ አጣቢ አይወድም፤ ውሃ ትጨርሳለች ይላታል። እናቷን እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ አራት ጊዜ በጀርባዋ አዝላ ደረጃ ወርዳለች። አምስተኛውን እንደማትችለው ለማንም ሳትናገር ታውቅ ነበር፤ ጉልበቷም፣ ሆዷም አይችለውም። እዚህ ቤት በገቡ በሁለተኛው ቀን እናቷ ቧንቧውን ከፍተው ፀጉራቸውን ሲታጠቡ፣ በመሃል ቆም እያሉ «ልዝጋው?» ብለው ይጠይቋት ነበር። አሁን መጠየቅ ትተዋል። እሷም ያ እንዲመለስ አትፈልግም።

የግቢው ትልቁ ሕግ አንድ ነው፤ በረኪና ወደ እጣቢው ቱቦ አይገባም። በሸምበቆው ሥር፣ በጠጠሩ ላይ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። አባ ቱቦ «ሠራተኞቹ እነሱ ናቸው፤ ሸምበቆው አለቃቸው ነው፤ ቆሞ ያያል» እያሉ ይቀልዳሉ። በረኪና ሲደርስባቸው እልም ይላሉ። የአጣቢዋ እንጀራ ግን የሆቴል አንሶላ ነው፤ የሆቴል አንሶላ ደግሞ ካልነጣ አይወሰድም። ይህን ገና ስትገባ አልደበቀችም። ተመካክረውበት፣ በረኪና የነካውን ውሃ በጄሪካን ይዛ ወርዳ መንገድ ዳር ካለው የከተማው ፍሳሽ እንድትደፋ ፈቀዱላት።

ሦስት ወር እንዲሁ አደረገች። በየሳምንቱ ሁለት ጄሪካን ተሸክማ፣ በግቢው መሃል አቋርጣ፣ አርባ ሊትር ውሃ ትደፋለች። ማንም ምንም አላላትም። እንዲያውም መንገድ ይለቁላታል። እሷ ግን እየቆየ ነገሩ ይከነክናት ጀመር። ልጆች ብርጭቆ ውስጥ የተረፈ ውሃ ለአበባ ካልሰጡ በሚቆጡበት ቤት፣ በቀን ብርሃን ውሃ የምትደፋ እሷ ብቻ ነበረች። በፊት የነበረችባቸው ቤቶች ውሃ አስጠልተዋት ነበር፤ ይሄኛው አስወደዳት። ፍቅር ደግሞ ሰውን ከጥላቻ ባልተናነሰ ያሳስታል።

አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ረስታው የሰነበተ የበረኪና ባልዲ ሽታው ጨርሶ ጠፍቶ አገኘችው። እዚያው አንድ ሐሳብ ብልጭ አለላት። ከዚያ ወዲያ ውሃውን መድፋት ትታ በጄሪካን ውስጥ አራት ቀን ታስቀምጠው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ታሸተዋለች። የአጣቢ አፍንጫ በረኪና የለመደ ነው፤ ቢኖርም የለም ይላል። ከዚያ በገዛ እጇ ወስዳ ከሸምበቆው ገንዳ አፍ ላይ ቀስ አድርጋ ታፈሰዋለች፤ ለሕፃን ወተት የምታጠጣ ነበር የምትመስለው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አደረገች። ለማንም አልተናገረችም፤ ድምፅ በሚሰጥባት ቀን ተነስታ «ይህን ያህል ውሃ አተረፍኩላችሁ» ልትላቸው አስባ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሸምበቆው ቢጫ ሆነ። ከገንዳው የሚወጣው ውሃ ደፈረሰ፤ ከረፋም።

ቅዳሜ ጠዋት አባ ቱቦ ሰዉን ሁሉ ጠሩ። እዚያ ቤት ውሃ ሲታመም «ማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። አባላቱ ከገንዳው ተነስተው ቱቦውን ወደ ላይ እየተከተሉ በየቤቱ ይሄዳሉ። ባለቤቱ የፍሳሹን ክዳን በእጁ ይከፍታል፤ በሰሞኑ ምን እንደደፋም ራሱ ይናገራል። ሌላ ሰው ስለ እሱ መናገር አይችልም፤ ባሏ የደፋውን ሚስት አታወጣም። ነገሩ ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን ሰው በገዛ አፉ ሲናገር ምን ያህል ቀና ብሎ እንደሚቆም ያየ ሁሉ፣ ይህን ሥርዓት ያወጣውን ሰው ያከብራል።

አጣቢዋ የሸምበቆውን ቢጫነት ስታይ ክው ብላ ነበር። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቆማ ከታች የሚመጣውን ድምፅ ታዳምጣለች። አንደኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊው የማሽን ዘይት እንደደፋ ተናገረ። ቀጥሎ ያለው መምህር፣ ፀጉሩ ተፈጥሮው ጥቁር እንደሆነ ሃያ ዓመት የማለ ሰው፣ ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ አመነታና «የፀጉር ቀለም፣ በየአስራ አምስት ቀኑ» አለ። ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ መምህሩም መጨረሻ ላይ አብሮ ሳቀ። ሰዎቹ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ። ቀለም ቀቢው ብሩሾቹን በቤንዚን አጥቦ አንድ ጣሳ ሙሉ መድፋቱን ተናገረ። አባ ቱቦ ጥፋቱ ከዚያ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ፤ ቤንዚን ክፉ ነው።

ቀለም ቀቢው አልተከራከረም። ሸምበቆውን እኔ እነቅላለሁ፣ ጠጠሩንም አውጥቼ አጥባለሁ አለ። አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ጠጠር ነው፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ የአንድ ወር ሥራ ነው። ሰዎቹ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት መውረድ ጀመሩ። ነገሩ አበቃ።

አጣቢዋ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ። አንድ ወር ዝም ብትል ቤቱ የእሷና የእናቷ ነው። አንድ ጣሳ ቤንዚን ያን ሁሉ ሸምበቆ እንደማይገድል ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከኋላዋ እናቷ «ምን አሉ?» ብለው ሲጠይቁ ሰማች። ወደ ደረጃው ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ የእኔ ቤት ገና አልተከፈተም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ነገሩ ተገኝቷል እኮ፣ ልጄ።»

«አልተገኘም» አለች።

ከዚያ እንዳለ ተናገረችው፤ ጄሪካኑን፣ አራቱን ቀን፣ ሦስቱን ሳምንት። ሰዉ ደረጃው ላይ እንደቆመ ቀረ። አባ ቱቦ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጄሪካኑ ክዳኑ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ? ዝግ ነበር፣ ሽታው እናቴን እንዳያፍናት ብዬ፣ አለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት ተቆጣች። ደጅ እንድትደፋ ተፈቅዶላት አልነበረም ወይ? ማን ከለከላት?

«ማንም አልከለከለኝም» አለች አጣቢዋ። «ውሃ መድፋት አፈርኩ። ሌላ ቦታ ስኖር አፍሬ አላውቅም። እዚህ አፈርኩ።»

ቀለም ቀቢው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከትከሻው ላይ ያን ሁሉ ጠጠር ያወረዱለት ነበር የሚመስለው። አባ ቱቦ አባላቱ ከሰዓት እንዲሰበሰቡ አሳስበው ወረዱ። የሙከራ ሰው ስብሰባ አይገባምና እሷ በሯን ዘጋች።

ለእናቷ ነገረቻቸው። አሮጊቷ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«ተጠይቀሽ ነው የተናገርሽ፣ ሳትጠየቂ?»

«ሳልጠየቅ።»

«እንግዲያው ዕቃውን ቀስ ብለሽ እሰሪ» አሉ። «የምንሄደው አንገታችንን ቀና አድርገን ነው።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ሲያለቅሱ እንዳታያቸው መሆኑን አውቃ አላየችም። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቀለለች፤ ትርፉን ፍራሽ አሰረች። በመሃል ቧንቧውን ከፍታ እጇን ስትታጠብ ቶሎ ዘጋችው።

እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አባ ቱቦ ናቸው፤ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል፣ በእጃቸው አንድ ትልቅ ወረቀት ይዘዋል። የታሰረውን ፍራሽ አዩ፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ግቢው የወሰነውን ብቻ ይነግሯት ጀመር። ገንዳው ይዘጋል። እጣቢው በበርሜል ይጠለፋል፣ ከዚያ በባልዲ በየደረጃው ወደ ሽንት ቤቶቹ ይወጣል፤ አዲሱ ሸምበቆ ሥር እስኪሰድ ድረስ ሰው የሸምበቆውን ሥራ ይሠራል። ጠጠሩንም ሁሉም በጋራ ያጥበዋል።

«ሐሳብሽ ክፉ አልነበረም» አሉ። «ክዳኑ ነው ያበላሸው። በረኪናን የሚያደክመው ፀሐይ ነው፤ ጄሪካን ውስጥ ደግሞ ፀሐይ የለም። ጣሪያ ላይ ሰፋ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው ገንዳ እንሠራለታለን። መጀመሪያ በቆርቆሮ የተተከለ አንድ ሸምበቆ ላይ እንሞክረዋለን፤ እሱ ከሞተ እኔና አንቺ ብቻ እናዝናለን።»

ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የባልዲ ተራ ነው። ጣታቸውን በአንዱ መስመር ላይ አሳረፉ። «ያንቺ ማክሰኞ ነው።»

አጣቢዋ ወረቀቱን አየችው። አርባ ቤት ተጽፏል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አጣቢዋና እናቷ፣ ማክሰኞ ይላል። ወደ ታች ተከተለችው፤ ማክሰኞው አራት ወር ሙሉ ይቀጥላል።

«አባባ፣ የኔ ድምፅ የሚሰጠው እኮ በሚመጣው ወር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ካላለፍኩ ይሄን ማን ይሸከመዋል?»

ሽማግሌው ነገሩ አሁን ገና የገባቸው ይመስል ወረቀቱን መልሰው አዩት። «ትናንት ተራ ስናከፋፍል አርባውን ቤት አንድ በአንድ ጠራሁ» አሉ። «ያንቺ ላይ ስደርስ ማክሰኞ ይመቻታል፣ ረቡዕ አንሶላ አላት አሉኝ። ሌላ የተናገረ የለም።»

በሕይወቷ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ነግሯታል፤ ረቡዕ እንደማይመቻት ያስታወሰላት ግን አልነበረም። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሽማግሌው ደግሞ ያን ጊዜ የቧንቧውን ጎማ ለመመርመር ጎንበስ አሉ።

«እኔስ?» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል መጣ። «እሷ ማክሰኞ ከሆነች የእኔ ተራ መቼ ነው?»

አባ ቱቦ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወጡ። ነገሩን እንደ ቁም ነገር አሰቡበት። «እርስዎ መስኮት ላይ ነዎት፣ እማማ። ባልዲ ሞልቶ ደረጃው ላይ የሚያፈስ ካለ ይቆጡታል። በየቀኑ።»

«በየቀኑ ይከብዳል» አሉ አሮጊቷ፤ ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ጠጋ እንድታደርግላቸው ለልጃቸው ምልክት ሰጡ። ገና ከመጠጋታቸው ታች ባለው ሰው ላይ ጮኹ።

አጣቢዋ ፊቷን ታጥባ ባልዲዋን አነሳች። ማክሰኞ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ታች እናቷ የጮኹበት ሰው ግን የእሁድ ተራው የደረሰው ቀለም ቀቢው ነበርና፣ ልታግዘው ወረደች።